የስብሰባ ክፍሉ ስክሪን ያለ ገመድ፦ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር በጥንቃቄ የማገናኘት አሠራር

ክሊክሼር፣ ኤርሚዲያ፣ አፕል ቲቪ፣ ክሮምካስት፣ የማይክሮሶፍት ዋየርለስ ዲስፕሌይ አዳፕተር። ስማቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው፤ የላፕቶፕን ወይም የስልክን ምስል ያለ ኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ትልቁ ስክሪን ይልካሉ። አብዛኞቹ ከቴሌቪዥኑ ወይም ከፕሮጀክተሩ ጀርባ የሚደበቁ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው። እዚህ ሁሉንም «ሳጥኑ» እያልኩ እጠራቸዋለሁ።

ሳጥኑን ብዙ ጊዜ የሚገዛው አይቲ ክፍል አይደለም። ግዥ ክፍል ከቴሌቪዥኑ ጋር አብሮ ያመጣዋል። የሚገጥመው ባለሙያ ግድግዳው ላይ ባገኘው የኔትወርክ ሶኬት ይሰካዋል፣ ምስል መምጣቱን ያያል፣ ርክክቡን አስፈርሞ ይሄዳል። ያ ሶኬት የሒሳብ ክፍሉ ሰርቨር ካለበት ኔትወርክ ጋር አንድ ይሁን አይሁን የጠየቀ የለም።

ሳጥኑ ግን ኮምፒውተር ነው። የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው። ብዙዎቹ የራሳቸው ዋይፋይ፣ በብራውዘር የሚከፈት የሴቲንግ ገጽና ማንም ያልቀየረው የፋብሪካ ፓስወርድ አላቸው። ስጋቱም በወረቀት ላይ ያለ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 መጨረሻ ቴናብል የተባለው የደህንነት ድርጅት በክሬስትሮን ኤርሚዲያ ላይ ያገኛቸውን ቀዳዳዎች ይፋ አደረገ። ዋናው ጉድ ግን ሌላ ነው። ያው ኮድ የባርኮ ዊፕረዘንት፣ የኤክስትሮን፣ የኢንፎከስ፣ የኦፕቶማ፣ የሻርፕና የሌሎችም ሳጥኖች ውስጥ ተገኘ። ከቀዳዳዎቹ አንዱ ያለ ምንም ፓስወርድ በኔትወርክ በኩል ሳጥኑን ማዘዝ ያስችል ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት የፓሎ አልቶ ተመራማሪዎች ዊፕረዘንትን ጭምር የሚያጠቃ የሚራይ ቫይረስ ዝርያ ማግኘታቸውን ጽፈዋል። በታኅሣሥ ደግሞ ኤፍ-ሴኪዩር የክሊክሼርን ድክመቶች አወጣ። ከእነሱ ውስጥ በሶፍትዌር አፕዴት ብቻ የማይፈቱ፣ ሃርድዌሩን የሚነኩም ነበሩ።

ስለዚህ «ጥሩ ብራንድ ነው የገዛነው» የሚለው መልስ አይበቃም። የትኛውም ሳጥን አንድ ቀን ቀዳዳ ይገኝበታል ብላችሁ አስቡና፣ የዚያን ቀን ሳጥኑ ከሌላው ኔትወርክ ምን ሊነካ እንደሚችል ከአሁኑ ወስኑ። ለዚህ አንድ ደንብ ይበቃል፦ ሳጥኑ ይጠራል እንጂ አይጣራም። ላፕቶፑ ሲጠራው ይመልሳል። ስምና ሰዓት ከመጠየቅ በቀር በራሱ ተነስቶ ግን ሠራተኛውንም፣ ሰርቨሩንም፣ ፕሪንተሩንም አይጠራም። ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይህን ደንብ ሥራ ላይ ማዋል ነው። ደንቡ የሚጣስበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱንም ስንደርስ እናየዋለን።

1. ከመሰካቱ በፊት

ሳጥኑን ገልብጡትና ከታች ያለውን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንሱት። ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩና ማክ አድራሻው (ኔትወርክ ላይ የሚለይበት ቁጥር) እዚያ ላይ ነው። ከዚያ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ሁለት ነገር እዩ። የመጨረሻው ፈርምዌር (የሳጥኑ የውስጥ ሶፍትዌር) መቼ ወጣ? ይህ ሞዴል አሁንም አፕዴት ያገኛል? የመጨረሻው ፈርምዌር ከወጣ ብዙ ዓመት ያለፈውን ሳጥን በስጦታም ቢመጣ አትቀበሉት። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2025 በዓለም ዙሪያ የሁለተኛው ትውልድ ክሮምካስቶች በአንድ ጊዜ መሥራት ያቆሙት ውስጣቸው የነበረ ሰርተፊኬት (ዲጂታል መታወቂያ) ጊዜው ስላለፈ ነበር። ጉግል መፍትሔ ልኮ አስነሳቸው። አምራቹ የረሳው ሳጥን ቢሆን ኖሮ የሚያስነሳው አይኖርም ነበር።

ሳጥኑ አዲስም ይሁን ከሌላ ቢሮ የመጣ፣ መጀመሪያ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት። ብዙዎቹ ከጎናቸው ወይም ከሥራቸው ትንሽ ቀዳዳ አላቸው፤ በወረቀት ማያያዣ ጫፍ ተጭኖ መቆየት ነው። ቀጥሎ ፈርምዌሩን አድሱ። የሚቻል ከሆነ ፋይሉን በፍላሽ አምጥታችሁ፣ ሳጥኑ ገና ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ሳይገናኝ ጫኑለት። በፍላሽ የማይቀበል ከሆነ ከስልክ ሆትስፖት ጋር አገናኝታችሁ አድሱት። አሮጌ ፈርምዌር ያለውን ሳጥን «ከገባ በኋላ ይታደሳል» ብሎ ማስገባት ሥራውን ከኋላ መጀመር ነው።

2. የራሱን ቪላን ስጡት

ቪላን ማለት በዚያው ስዊች ላይ ለብቻው ተከፍሎ የተለየ ኔትወርክ ነው። ሳጥኑ ከሠራተኞች ኮምፒውተር ጋር በአንድ ኔትወርክ መዋል የለበትም። ከሲሲቲቪ ካሜራና ከጣት አሻራ ማሽን ጋርም አታዳብሉት። እነሱም የራሳቸው ጣጣ ያላቸው ዕቃዎች ናቸው። ለምሳሌ እንዲህ እንከፋፍል፦

ሠራተኞች፦ ቪላን 10፣ 10.20.10.0/24
የማቅረቢያ ሳጥኖች፦ ቪላን 40፣ 10.20.40.0/24
እንግዶች፦ ቪላን 90፣ 10.20.90.0/24

ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው። የእናንተን ተጠቀሙ።

የስብሰባ ክፍሉ ሶኬት የሚደርስበትን የስዊች ፖርት ፈልጋችሁ ቪላን 40 ላይ ብቻ አድርጉት። ትራንክ (ብዙ ቪላን የሚያሳልፍ ፖርት) እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ዲኤችሲፒው (አይፒ የሚያድለው አገልግሎት) ላይ ለሳጥኑ ማክ አድራሻ ቋሚ አይፒ መድቡለት፤ 10.20.40.11 እንበል። የፋየርዎል ደንቦቻችሁ የሚቆሙት በዚህ አይፒ ላይ ነው። አይፒው በተቀያየረ ቁጥር ደንቡም ባዶ ቦታ ላይ ይቆማል።

ከአንድ በላይ ክፍል ካላችሁ ሳጥኖቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ የሚያስገድድ ነገር የለም። ስዊቹ ፖርት አይሶሌሽን ካለው አብሩት። አንዱ ሳጥን ቢበላሽ ጎረቤቱን ይዞ አይሄድም።

3. ሳጥኑ በገመድ፣ ሰዉ በዋይፋይ

«ዋየርለስ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። ያለ ገመድ መሆን ያለበት አቅራቢው ነው። ሳጥኑ ራሱ አንድ ቦታ ተለጥፎ ስለሚቀር በኔትወርክ ገመድ ቢገናኝ ይሻላል። ምስሉም አይቆራረጥም፣ ለመቆጣጠርም ይቀላል።

በገመድ ከተገናኘ በኋላ የራሱን ዋይፋይ አጥፉ። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ ትልቁ ቀዳዳም ይኸው ነው። በአንድ እግሩ የቢሮው ገመድ ላይ፣ በሌላው እግሩ ለማንም በሚታይ የራሱ ዋይፋይ ላይ የቆመ ሳጥን ካላችሁ፣ የዋይፋዩን ፓስወርድ ያወቀ ሰው ከመኪና ማቆሚያው ሆኖ በሳጥኑ በኩል ወደ ውስጥ ለመግባት መሞከር ይችላል። አንዳንድ አምራቾች በሁለቱ መካከል ማለፍን በነባሪነት ይከለክላሉ፣ አንዳንዶቹ ሴቲንግ ውስጥ ይተዉታል። በእጃችሁ ሳትፈትሹ አትመኑ።

ዋይፋዩን ማጥፋት የማይቻልበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ በክሊክሼር፣ ላፕቶፑ ዩኤስቢ ላይ የምትሰካዋ ቁልፍ ከሳጥኑ ጋር የምትነጋገረው በዋይፋይ ነው። እዚህ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ቁልፏን በቢሮው የራሱ ዋይፋይ በኩል እንድትሄድ ማድረግ ነው፤ ክሊክሼር ይህን ኔትወርክ ኢንቴግሬሽን ይለዋል። ኢኤፒ-ቲኤልኤስን (በሰርተፊኬት መግባትን) በመሳሰሉ የድርጅት ዋይፋይ አሠራሮችም ሊገናኝ ይችላል። እንዲህ ካደረጋችሁ በኋላ ቁልፎቹን በሙሉ ሳጥኑ ላይ እየሰካችሁ እንደገና ማጣመር አለባችሁ። አንዷን ከረሳችሁ የምትታወሰው በቦርድ ስብሰባ ቀን ነው። ሁለተኛው ምርጫ የሳጥኑን ዋይፋይ መተው ነው። ያን ጊዜ ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 ይሁን፣ ፓስወርዱ ረጅምና የራሳችሁ ይሁን፣ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ሆኖ የቢሮው አክሰስ ፖይንቶች ከያዙት ቻናል ይራቅ፣ ጉልበቱም ክፍሉን ከሸፈነ ይበቃዋል። ስሙን መደበቅ ጥበቃ አይደለም። የተደበቀ ኤስኤስአይዲን በስልክ አፕ ማግኘት የልጅ ሥራ ነው።

በገመዱ በኩል 802.1ኤክስ (ዕቃው ማንነቱን ሳያረጋግጥ ኔትወርክ የማያስገባ አሠራር) ካላችሁ ተጠቀሙበት። አፕል ቲቪም፣ ለድርጅት የተሠሩት ሳጥኖችም ይችላሉ። የማይችል ሳጥን ከሆነ በማክ አድራሻው ብቻ አስገቡት፤ ግን ማክ አድራሻው የተጻፈው ከሳጥኑ ሥር ባለው ወረቀት ላይ መሆኑን አትርሱ። እናንተ ፎቶ ያነሳችሁትን ወረቀት እንግዳም ሊያነሳው ይችላል። ስለዚህ በማክ የገባ ዕቃ ቪላን 40 ላይ ይቅር እንጂ ሌላ መብት አይሰጠው።

4. ሴቲንጉን አጽዱ

ከአይቲ ኮምፒውተር የሳጥኑን ገጽ ክፈቱ። የአድሚን ፓስወርዱን መጀመሪያ ቀይሩ። ለየሳጥኑ የተለያየ ይሁን፣ ፓስወርድ ማኔጀር ውስጥ ይቀመጥ። ከዚያ የማትጠቀሙበትን ሁሉ አጥፉ፦ ቴልኔት (ያልተመሰጠረ የርቀት ማዘዣ)፣ አሮጌው ኤስኤንኤምፒ (የኔትወርክ ዕቃ መከታተያ)፣ የፋይል ማጋሪያ፣ የርቀት ካሜራ ማያ፣ የማትፈልጉት የክላውድ ግንኙነት፣ ዩፒኤንፒ (ራውተር ላይ በር በራሱ የሚያስከፍት)። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይከፈት። ሠራተኞቻችሁ ሁሉም ዊንዶውስ ላፕቶፕ ከያዙ ኤርፕሌይና ጉግል ካስት (የአፕልና የጉግል ምስል መላኪያ ፕሮቶኮሎች) ለምን ክፍት ይሆናሉ? አንድ ፕሮቶኮል በተዘጋ ቁጥር የምትጠብቁት በር ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ኦሊጎ የተባለ ድርጅት ይፋ ያደረጋቸው የኤርፕሌይ ቀዳዳዎች ከአፕል ውጭ የተሠሩ ስፒከሮችንና ቴሌቪዥኖችን ጭምር የሚነኩ ነበሩ። የእነዚህ አፕዴት ደግሞ በየአምራቹ ፍጥነት ነው የሚመጣው።

አሁን ስክሪኑን ቀና ብላችሁ እዩ። ማንም በማያቀርብበት ጊዜ የሚታየው ገጽ ላይ ምን ተጽፏል? ብዙ ሳጥኖች ለተጠቃሚ ይመቻል ብለው የዋይፋዩን ስም፣ ፓስወርዱንና የሴቲንግ ገጹን አይፒ በትልቁ ይጽፋሉ። የስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ መስታወት ከሆነ በኮሪደር የሚያልፍ ሁሉ ያነበዋል። የክፍሉን ስምና «ለማቅረብ እንዲህ አድርጉ» የሚል አንድ መስመር ብቻ አስቀሩ።

ሰዓቱንም አስተካክሉ። ይህ ትንሽ ይመስላል። ብዙዎቹ ሳጥኖች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላቸውም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን ይዘው ይነሳሉ። ቀኑ የተሳሳተ ሳጥን ሰርተፊኬት ማረጋገጥ አይችልም። 802.1ኤክስ ደግሞ ሰርተፊኬቱ ካልተረጋገጠ አያስገባም። ኔትወርክ ሳያገኝ ሰዓት አያገኝም፣ ሰዓት ሳያገኝ ኔትወርክ አያገኝም። መብራት በሚጠፋበት ቢሮ ሳጥኑን ዩፒኤስ ላይ መሰካት ርካሹ መፍትሔ ነው። ከውስጥ ኤንቲፒ (የሰዓት ማስተካከያ) ሰርቨራችሁ ጋርም አገናኙት። ታይምዞኑ ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው ይሁን።

5. የፋየርዎል ደንቦች

ደንቦቹ ከላይ ወደ ታች ስለሚነበቡ ቅደም ተከተላቸው ወሳኝ ነው። ማይክሮቲክም፣ ፎርቲጌትም፣ ፒኤፍሴንስም ብትጠቀሙ ሐሳቡ አይለወጥም፦

ሀ. ቀድሞ የተጀመረ ግንኙነት መልስ ይለፍ።
ለ. ከሠራተኞች (ቪላን 10) ወደ 10.20.40.11፣ በምስል መላኪያ ፖርቶች ብቻ ይለፍ።
ሐ. ከአይቲ ኮምፒውተሮች ብቻ ወደ ሳጥኑ 443 ይለፍ።
መ. ከሳጥኑ ወደ ውስጥ ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አይፒ የሚቀይረው፣ 53) እና ኤንቲፒ (123) ይለፍ።
ሠ. ከሳጥኑ ወደ ሌላ ሁሉ ይከልከል፣ ሎግም (የሙከራው መዝገብ) ይያዝ።
ረ. ከየትም ወደ ቪላን 40 የሚመጣ ሌላ ሁሉ ይከልከል።

የ«ለ» ፖርቶች (የስዊቹ ሶኬት ሳይሆኑ የግንኙነት በር ቁጥሮች) እንደ ፕሮቶኮሉ ይለያያሉ። ጉግል ካስት ቲሲፒ 8008፣ 8009 እና 8443ን ይጠቀማል። ኤርፕሌይ ቲሲፒ 7000ን ይዞ ሌሎች ከፍ ያሉ ፖርቶችን እንደየሁኔታው ይከፍታል። ሚራካስት (ዊንዶውስ የሚጠቀምበት ምስል መላኪያ) በቢሮ ኔትወርክ በኩል ሲሄድ ሳጥኑ ላይ ቲሲፒ 7250ን ይፈልጋል። ክሊክሼርን የመሳሰሉት የራሳቸው የፖርት ዝርዝር አላቸው፤ ከአምራቹ ሰነድ ውሰዱት እንጂ አትገምቱ።

አሁን ደንቡ የሚጣስበት ቦታ ላይ ደረስን። በሚራካስት ላፕቶፑ በ7250 «ዝግጁ ነኝ» ይላል፤ ከዚያ ሳጥኑ ራሱ ተመልሶ ላፕቶፑን ይጠራል፣ በተለምዶ በቲሲፒ 7236። ኤርፕሌይም የሰዓት ማመሳሰያ መልእክቶችን በዩዲፒ ከሳጥኑ ወደ ስልኩ ሊልክ ይችላል። ስለዚህ «ሠ»ን እንደ ወረደ ከተገበራችሁ ስሙ ይታያል፣ ትጫኑታላችሁ፣ ጥቂት ይሽከረከርና «አልተቻለም» ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተናዶ ከቪላን 40 ወደ ቪላን 10 ሁሉንም ይከፍታል። ያን ጊዜ እስከ አሁን የተለፋው ሁሉ ገደል ገባ።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው። ሎጉን ክፈቱ፣ አንድ ሰው እንዲያቀርብ አድርጉ፣ «ሠ» የከለከለውን ግንኙነት አንብቡ። ከ10.20.40.11 ወደ አንድ ላፕቶፕ በ7236 የተሞከረ ታገኛላችሁ። ከ«ሠ» በላይ አንድ ደንብ ጨምሩ፦ ከ10.20.40.11 ብቻ፣ ወደ ቪላን 10 ብቻ፣ በቲሲፒ 7236 ብቻ። ወደ ሰርቨሮቹ አንድም አትክፈቱ። ለምን እንደተከፈተም ደንቡ ላይ ማስታወሻ ጻፉ። ከዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ ምናልባት እናንተ ራሳችሁ ናችሁ።

ወደ ኢንተርኔት መውጣትን በተመለከተ ሳጥኖች አንድ አይደሉም። ክሮምካስት ቪዲዮውን ራሱ ከኢንተርኔት ስለሚያመጣ ካልወጣ አይሠራም። ላፕቶፑ ምስሉን ቀጥታ የሚልክላቸው ሳጥኖች ግን ለአፕዴት ካልሆነ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። እነሱን ዝጉባቸው፤ በአፕዴት ቀን ብቻ ክፈቱ። ከኢንተርኔት ወደ ሳጥኑ የሚገባ መንገድ ግን መቼም አይከፈት። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ሺዎች ክሮምካስቶች የማያውቁት ሰው ቪዲዮ በባለቤቶቻቸው ቴሌቪዥን ላይ ማጫወት የጀመሩት ራውተሮቹ በዩፒኤንፒ በሩን በራሳቸው ስለከፈቱ ነበር።

6. «ስሙ አይታየኝም»

ሳጥኑ ወደ ራሱ ቪላን ከሄደ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ስልክ ይህ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኤርፕሌይና ጉግል ካስት ሳጥኑን የሚፈልጉት በኤምዲኤንኤስ ነው። ስልኩ ወደ 224.0.0.251፣ ዩዲፒ 5353 «ማን አለ?» ብሎ ይጮኻል። ጩኸቱ ከቪላኑ አይወጣም፤ እንዳይወጣ ተደርጎ ነው የተሠራው። ፋየርዎል ላይ 5353ን መክፈት ብቻውን ምንም አይጠቅምም።

የሚያስፈልገው ጩኸቱን ከአንዱ ቪላን ወደ ሌላው የሚያደርስ ነው። በአሩባ ኤርግሩፕ ይባላል፣ ዩኒፋይ ኤምዲኤንኤስ የሚል ማብሪያ አለው፣ ማይክሮቲክ በአዲሶቹ የቨርዥን 7 ፈርምዌሮች ላይ ማስተላለፊያ ጨምሯል፣ ሊኑክስ ላይ አቫሂ ይሠራዋል። በቪላን 10 እና 40 መካከል ብቻ (እንግዳ የሚያቀርብበት ክፍል ካለ በ90 እና 40 መካከልም) አብሩት። አገልግሎት መምረጥ የሚያስችል ከሆነ ኤርፕሌይንና ጉግል ካስትን ብቻ አሳልፉ። ሁሉንም ካሳለፋችሁ የሒሳብ ክፍሉ ፕሪንተር በእንግዳ ስልክ ላይ ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የሳጥኑ ስም ለሰው ሁሉ ስለሚታይ «3ኛ ፎቅ ትልቁ ክፍል» ዓይነት ይሁን። «የሥራ አስኪያጅ ቢሮ» ብሎ በአየር ላይ ማወጅ አያስፈልግም። አሥር ሳጥን ያለው ሕንፃ ውስጥ ሰው የተሳሳተውን ክፍል መርጦ የደመወዝ ዝርዝሩን ሌላ ስብሰባ ላይ ሊያወጣ ይችላል። መከላከያው ፒን ነው። በእያንዳንዱ ግንኙነት የሚቀያየር፣ ስክሪኑ ላይ ብቻ የሚታይ ፒን አብሩ። ቋሚ ፒን በሳምንቱ የሁሉም ሰው ይሆናል። ፒኑን የሚያነበው ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ብቻ ስለሆነ የሌላ ክፍል ስህተትም፣ የቀልደኛ ጣልቃ ገብነትም በአንድ ጊዜ ይቆማል። ሠራተኛው ትንሽ ያጉረመርማል። ይልመደው።

ስለ ሚራካስት አንድ ማስጠንቀቂያ። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍንና ኬን አንድ ላይ ሲጫኑ ላፕቶፑ በቢሮው ኔትወርክ በኩል ይሞክራል፤ ይህ የሚሠራው ከዊንዶውስ 10 ቨርዥን 1703 ጀምሮ ነው። ካልሆነለት ግን ምንም ሳይነግራችሁ በዋይፋይ ዳይሬክት ከሳጥኑ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። ምስሉ ይመጣል፣ እናንተም «ሠራ» ትላላችሁ። እውነቱ ግን ፋየርዎላችሁን ጭራሽ አልነካውም። ለማረጋገጥ የ7250 ደንብ ቆጣሪን እዩ። አቀራረቡ እየሄደ ቆጣሪው ዜሮ ላይ ከቆመ መንገዱ ሌላ ነው። ሳጥኑ ዋይፋይ ዳይሬክትን ለይቶ ማጥፋት የሚያስችል ከሆነ አጥፉት።

7. እንግዳ ሲመጣ

አማካሪው መጣ፣ ላፕቶፑን ከፈተ፣ «የዋይፋይ ፓስወርዳችሁን ስጡኝ» አለ። የሠራተኞቹን ፓስወርድ መስጠት ባህላችን የሚገፋፋን ቸርነት ነው፤ ግን ያ ፓስወርድ ከእሱ ጋር ይሄዳል፣ ላፕቶፑም ያስታውሰዋል። የእንግዳ ዋይፋዩን ስጡት። ከቪላን 90 ወደ 10.20.40.11 በምስል ፖርቶች ብቻ አንድ ደንብ ጨምሩ። የቦርድና የሒሳብ ስብሰባ የሚደረግባቸውን ክፍሎች ሳጥን ለእንግዳ አትክፈቱ፤ አንድ የእንግዳ ክፍል ይበቃል። ያ ክፍል ሚራካስት የሚጠቀም ከሆነ የ7236ቱ ደንብ ለቪላን 90 ያስፈልገዋል። ለእንግዶች ስትሉ የእንግዳ ዋይፋዩን ክላየንት አይሶሌሽን አታጥፉ። ሳጥኑ ያለው ሌላ ቪላን ላይ ስለሆነ እንግዶች እርስ በርስ መተያየት አያስፈልጋቸውም።

የተቀረው ነገር ሁሉ አስቸጋሪ ከሆነ ጠረጴዛው ላይ አንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ተዉ። አያሳፍርም።

8. ራሳችሁን አጥቁት

ሥራው ያለቀው ምስሉ ሲመጣ ሳይሆን ይህን ስትፈትሹ ነው።

መጀመሪያ የኔትወርኩን ገመድ ከሳጥኑ ነቅላችሁ የራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሰኩት። የስብሰባ ክፍል ውስጥ ብቻውን የቀረ እንግዳ ሊያደርገው የሚችለው በጣም ቀላሉ ነገር ይህ ነው። 802.1ኤክስ ወይም የፖርት ጥበቃ ካላችሁ ምንም አታገኙም። ከሌላችሁ የቪላን 40 አይፒ ታገኛላችሁ። ከዚያ የፋይል ሰርቨሩን፣ የስዊቹን ሴቲንግ ገጽ፣ አንድ ሠራተኛ ኮምፒውተርን ሞክሩ። የራውተሩን ገጽም እንዲሁ፤ በ10.20.40.1 በብራውዘር የሚከፈት ከሆነ ደንባችሁ ራውተሩን ራሱን ረስቶታል ማለት ነው። ማይክሮቲክ ላይ ይህ የተለመደ ነው፤ በእሱ ውስጥ የሚያልፈውንና ወደ እሱ የሚመጣውን ለየብቻ ነው የሚቆጣጠረው።

የሳጥኑ ዋይፋይ ክፍት የቀረ ከሆነ ስልካችሁን ከእሱ ጋር አገናኙና ያንኑ ድገሙ። ከዚያ ከሠራተኛ ላፕቶፕ የሳጥኑን የሴቲንግ ገጽ ለመክፈት ሞክሩ፤ መከፈት የለበትም። በመጨረሻ ሳጥኑን ከመብራት ነቅላችሁ መልሱት። በራሱ ተነስቶ ሰዓቱን አስተካክሎ ኔትወርክ ውስጥ ከገባ ጥሩ ነው።

ሎግ ስታነቡ ደግሞ ሰዓቱን አስቡ። ሠራተኛው «3 ሰዓት ላይ አልሠራም» ቢል ላፕቶፑ ላይ 9:00 ነው፤ ሎጋችሁ በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ ደግሞ 06:00 ላይ ፈልጉት። የሌለ ችግር በሌለበት ሰዓት ሲፈለግ ግማሽ ቀን ይሄዳል።

9. ከዚያ በኋላ

የሳጥኖቹን ዝርዝር አንድ ሰው ይያዘው። በየሦስት ወሩ ፈርምዌር ይፈትሽ፣ የ«ሠ»ን ሎግ ይይ። ጸጥ ብሎ የኖረ ሳጥን በድንገት የውስጥ አድራሻዎችን በተራ መቁጠር ከጀመረ ገመዱን ነቅሎ ከዚያ ይጠይቅ። የዩኤስቢ ቁልፎች ካላችሁ ቁጥር ጻፉባቸው፤ ከስብሰባ በኋላም ይቆጠሩ። የጠፋች ቁልፍ ውስጧ የዋይፋዩን መግቢያ ይዛ ነው የጠፋችው። ስለዚህ በሰርተፊኬት የምትገባ ከሆነ ሰርተፊኬቷን ሰርዙ፤ በፓስወርድ ከሆነ ፓስወርዱን ቀይሩና የቀሩትን እንደገና አጣምሩ።

ሳጥኑ አርጅቶ ሲወጣም እንዲሁ ነው። ወደ መጋዘን፣ ወደ ጨረታ ወይም ወደ ትምህርት ቤት ስጦታ ከመሄዱ በፊት ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መልሱት፣ ሰርተፊኬቱን ሰርዙ፣ የዲኤችሲፒ ምደባውንና የፋየርዎል ደንቦቹን አጥፉ። የስዊች ፖርቱንም ዝጉት።